የተመታው ማን ነበር?

በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን አንድ አሮጌ የቡጢ ፊልም ተመለከትን። ግጥሚያው አጭር ነው፤ የተቀዳ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን ሲያጣድፈው እኛ ወንበራችንን እየደበደብን «በለው! ድገመው!» እንል ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ «ይኼ የሚደበደበው ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዳችን ፈጠን ብለን «ናዚ ነዋ!» አልነው። ልጁም ዝም አለ።

በኋላ ስለ ሰውየው ሳነብ መልሳችን ልክ እንዳልነበረ ተረዳሁ። ለመሆኑ የምንጠላውን መንግሥት ስም ይዞ ስለ ቆመ ብቻ በአንድ ሰው ሕመም ልንደሰት ይገባናልን?

ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ የተገናኙት እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1936 በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ነው። ሉዊስ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ በሙያው ተሸንፎ አያውቅም። የ30 ዓመቱ ሽሜሊንግ ግን ቀደም ሲል ሻምፒዮን የነበረ ቢሆንም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ የሉዊስን ፊልሞች ደጋግሞ በማየት አንድ ነገር አስተውሏል፤ ሉዊስ በግራ እጁ ከሰነዘረ በኋላ እጁን ዝቅ ያደርጋል። በዚያች ክፍተት ቀኙን እየላከ በ12ኛው ዙር ዘረረው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሙያ ነገር ነው፤ አንዱ አጥንቶ መጣ፣ ሌላው ተዘናግቶ ተመታ።

ከዚያ በኋላ ግን ግጥሚያው ከሁለቱ ሰዎች እጅ ወጣ። ጀርመን ውስጥ የግጥሚያው ፊልም የሽሜሊንግ ድል የጀርመን ድል ነው በሚል ርእስ በየሲኒማ ቤቱ ታየ። ሂትለርም ሰውየውን ምሳ ጋበዘው። በአሜሪካ በኩል ደግሞ ሉዊስ የነጻነት ጠበቃ ተደርጎ ተያዘ። ይህ ያስገርማል፤ በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል እርሱን የመሰለ ሰው ከነጭ ጋር በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት አይፈቀድለትም ነበርና። በጦርነቱ ጊዜ ያገለገለበት ጦር እንኳ ጥቁሩንና ነጩን ለይቶ ያሰፍር ነበር።

የመልሱ ግጥሚያ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1938 በዚያው ስታዲየም ሆነ። ሉዊስ ከአንድ ዓመት በፊት ጄምስ ብራዶክን ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን ሽሜሊንግን ሳላሸንፍ ሻምፒዮን አትበሉኝ ይል ነበር። ወደ 70 ሺህ ሕዝብ ተሰበሰበ። ሁሉም ነገር በ2 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ አለቀ። ሽሜሊንግ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ጎኑ ላይ ሲመታ ጮኸ፤ አሠልጣኙ ፎጣ ወረወረለት። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ስለ ነበር ሆስፒታል ገባ።

እኛ ወንበር የደበደብነው እዚህ ላይ ነው።

ይህ የተደበደበው ሰው የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም። ሥራውን የሚመራለት ሰው አይሁዳዊ ነበር፤ እንዲያሰናብተው ቢጫኑትም እምቢ ብሏል። ከግጥሚያው በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 1938፣ በጀርመን የአይሁድ ሱቅና ምኵራብ ሲሰባበርና ሲቃጠል፣ የአንድ አይሁዳዊ ወዳጁን ሁለት ወንዶች ልጆች በርሊን ውስጥ በሆቴል ክፍሉ ሸሸጋቸው። ታምሜአለሁና ማንም እንዳይመጣብኝ ብሎ ለሆቴሉ ሰዎች ነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከልጆቹ አንደኛው አድጎና አርጅቶ በሰው ፊት እስኪናገረው ድረስ ወሬው አልተሰማም። በስታዲየሙ ስንት ሺህ ዓይን ሲያየው ያልታወቀው ሰው ማንም በማያይበት ክፍል ውስጥ ታወቀ።

ይሁን እንጂ ሰውየውን ነጭ ልብስ አልብሼ ላቀርበው አልፈልግም። ከ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ በፊት፣ ጥቁሮችና አይሁዶች በደህና ይስተናገዳሉ የሚለውን የጀርመን መንግሥት መልእክት ለአሜሪካኖች ያደረሰው እርሱ ነው። ሂትለር ሲጋብዘውም ሄዷል። ክፉ አላሰበም ይሆናል፤ ፊቱን ግን አበድሯል፤ ያበደረውን ፊት ነው ሕዝቡ በ1938 የተመለከተው። እርሱ ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ ግጥሚያ መሸነፌ ሳይሻለኝ አልቀረም የሚል አሳብ ተናግሯል፤ ድል አድርጎ ቢመለስ ናዚዎች ምን ያደርጉት እንደ ነበር ሳይታየው አልቀረም። ስለዚህ የኔ አስተያየት እንዲህ ነው፦ ሽሜሊንግ ለሠራው ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ጀርመን ለሠራችው ግን የሽሜሊንግ ጎን መልስ ሊሆን አይችልም።

ሉዊስም ይህን ያወቀው ይመስለኛል። ከጦርነቱ በኋላ ሽሜሊንግ በ1954 ቺካጎ ድረስ ሄዶ ጠየቀው፤ ወዳጆችም ሆኑ። ሉዊስ በግብር ዕዳ ተጨንቆ ኖረ፤ በ1942 የሁለት ግጥሚያ ገንዘቡን ለባሕር ኃይልና ለጦር ሠራዊት መርጃ ሰጥቶ ሳለ ዕዳው አልቀረለትም። በ1981 ሲሞት ለቀብሩ ወጪ ገንዘብ ከረዱት አንዱ ሽሜሊንግ ነበር።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ነገር ግን ሳነብ ሌላ ነገር አገኘሁ። በጁን 1935፣ ጣልያን አገራችንን ልትወር ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ ይኸው ጆ ሉዊስ ሙሶሊኒ እንደ ኃይሉ ማሳያ ያደርገው የነበረውን ግዙፉን ጣልያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በ6ኛው ዙር አሸነፈው። ያን ጊዜ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራን እንደ ጣልያን ቆጥረው ተደሰቱ። ይህን ሳነብ እኔም ብቻዬን በክፍሌ ውስጥ ደስ አለኝ። ከላይ ስለ ሽሜሊንግ የጻፍሁትን ሁሉ ለካርኔራም ልናገር ሞከርሁ፤ ቃሉ ያው ነው፤ ፍርዱም ያው መሆን አለበት። ደስታዬ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ያ ልጅ በሚቀጥለው የውይይት ቀናችን ስለ ካርኔራ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስለት አላውቅም።