ጥርጣሬውን ማን ይሸከም?

ጣፋጭ ነገር በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ያለ ዋጋ የተገኘበት ዘመን የለም። ማር ቆራጩ በንብ ይነደፋል። ስኳርም ከአገዳው ማሳ ተነሥቶ ሲኒ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የብዙ ሰው ላብ ፈስሶበታል፤ በካሪቢያን ደሴቶች ለብዙ ትውልድ የተመረተው በባሮች ጉልበት እንደነበረ ታሪክ ያውቀዋል። ተመጋቢውም ቢሆን በነፃ አይቀምስም፤ በጥርሱና በወገቡ ይከፍላል። ዋጋውን ጥሎ ጣዕሙን ብቻ መያዝ ይቻላል የሚለው ተስፋ እንግዲህ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ዛሬ በየአገሩ ሱቆች መደርደሪያ ላይ «ዳየት» ወይም «ዜሮ» የሚል ቃል ለብሶ በቆርቆሮና በጠርሙስ ይሸጣል።

ስለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ነገር መርዝ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚፈለገው ከኬሚስትሪና ከሕክምና ሊቃውንት ነው። ከጎኑ ግን የትኛውም ቤተ ሙከራ ሊመልሰው የማይችል ሌላ ጥያቄ ቆሟል። ዕውቀት ገና ባልተሟላበት ጉዳይ ላይ፣ ጥርጣሬውን መሸከም ያለበት ማን ነው? አምርቶ የሚሸጠው ነው? ገዝቶ የሚጠጣው ነው? ወይስ በሁለቱ መካከል የቆመው መንግሥት? የማጣፈጫዎቹ ታሪክ፣ በጥሞና ለተመለከተው፣ ይህ ሸክም ከአንዱ ጫንቃ ወደ ሌላው ሲገላበጥ የኖረበት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ማጣፈጫ ሳካሪን የተገኘው እ. ኤ. አ. በ1879 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጡ ውሁዶችን ሲመረምር ውሎ፣ ማታ ለእራት ሲቀርብ የነካው ምግብ ሁሉ ከወትሮው ይልቅ ጣፈጠው፤ ጣፋጩ ከእጁ ላይ ነበር። ግኝቱን ከቤተ ሙከራው ኃላፊ ከአይራ ሬምሰን ጋር በጋራ አሳተሙ፤ የፈጠራ መብቱን ግን ፋልበርግ ለብቻው ወሰደ። ሬምሰን በዚህ ተቀይሞ ኖሯል። ሳይክላሜት በ1937 የተገኘው የትኩሳት መድኃኒት ሲፈልግ የነበረ ማይክል ስቬዳ የተባለ ተማሪ ሲጋራውን ከቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ወደ አፉ ሲመልስ ነው። አስፓርቴምም እንዲሁ በ1965 የጨጓራ ቁስል መድኃኒት ሲያዘጋጅ የነበረ ጄምስ ሽላተር የተባለ ኬሚስት ወረቀት ለማንሣት ጣቱን ሲልስ ተገኘ። ሦስቱንም ለዓለም ያበረከታቸው በቤተ ሙከራ ውስጥ እጅን ሳይታጠቡ የመቅረት ጉድለት መሆኑ ፈገግታን ያጭራል። ከፈገግታው ባሻገር ግን አንድ ቁም ነገር አለ። ሦስቱም የተገኙት ማንም ሳይፈልጋቸው ነው፤ ፍላጎቱ የተፈጠረላቸው ከተገኙ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ክርክር የተነሣው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በአሜሪካ ርዕሰ ብሔር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበር። የግብርና ሚኒስቴር የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ የነበረውና የ1906ቱ የምግብና የመድኃኒት ሕግ እንዲወጣ የታገለው ሃርቪ ዋይሊ፣ በቆርቆሮ በሚታሸገው በቆሎ ውስጥ ሳካሪን መጨመሩን አጥብቆ ተቃወመ። ገዢው ስኳር የበላ ይመስለዋል፤ የሚበላው ግን የምግብ ዋጋ የሌለው፣ ለጤናም የማይስማማ የከሰል ውላጅ ነው አለ። ርዕሰ ብሔሩ ቴዎዶር ሩዝቬልት ግን ሐኪሙ ሳካሪን በየዕለቱ ያዝለት ነበርና፣ ይጎዳል የሚል ሰው ሁሉ ጅል ነው ሲል በቁጣ መለሰለት። ከዚያም ጉዳዩን የሚያጣራ የሊቃውንት ጉባኤ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ ሆኖ የተሾመውም ያው ሬምሰን ነበር።

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ስሕተቶችና አንድ እውነት አሉ። ሩዝቬልት የገዛ አካሉን የምርምር ማስረጃ አደረገው፤ «እኔን አልጎዳኝም» ማለት ግን «ማንንም አይጎዳም» ማለት አይደለም። ዋይሊም በበኩሉ ስለ ጉዳቱ ሲናገር በእጁ በቂ ማስረጃ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ከቃሎቹ አንዱ ከክርክሩ በኋላም ሳይወድቅ ቆሟል፤ ገዢው ተታልሏል የሚለው። ነገሩ ፈጽሞ የማይጎዳ ቢሆን እንኳ፣ ስኳር መስሎት ሌላ ነገር የበላ ሰው ተበድሏል። ጉዳትና ማታለል ሁለት የተለያዩ በደሎች ናቸው፤ የአንዱ አለመኖር ሌላውን አያስተሰርይም። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ክርክሮች ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ተረስቷል።

ለብዙ ዘመን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የሕሙማን ነገር ሆኖ ቆየ። ስኳር የተከለከለ በሽተኛ ሻዩን ያጣፍጥበት ነበር። ስኳር አልባው ለስላሳ መጠጥም ሲጀመር ለእነዚሁ ሰዎች የታሰበ ነበር። በ1960ዎቹ ግን አቅጣጫው ተለወጠ። ኮካ ኮላ በ1963 «ታብ» የተባለውን መጠጥ ገበያ ላይ ሲያውል ማስታወቂያው የሚያነጋግረው በሽተኛን አልነበረም፤ ስለ ወገቧ የምትጨነቅ ጤነኛ ሴትን ነበር። ይህ ለውጥ ቀላል መስሎ ይታይ እንጂ የሞራሉን ሚዛን የቀየረው እርሱ ነው። ለሚያስፈልገው ሰው የተሠራ ነገር ለማያስፈልገው ሰው ሲቀርብ፣ ትንሽም ቢሆን የሚኖረውን ሥጋት የሚያካክስ ጥቅም ከሌላው ወገን ላይ ይነሣል።

ብዙም ሳይቆይ ጥርጣሬው መጣ። በአሜሪካ በ1958 በወጣው ሕግ ውስጥ «የዲላኒ አንቀጽ» የሚባለው ድንጋጌ፣ በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ነቀርሳ ማስከተሉ የተረጋገጠ ማናቸውም ተጨማሪ ነገር በምግብ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። መጠን አይለይም፤ ማመዛዘንም አይፈቅድም። በ1969 ሳይክላሜትና ሳካሪን ተቀላቅሎ የተሰጣቸው አይጦች በሽንት ፊኛቸው ላይ እባጭ ሲገኝ ሳይክላሜት ወዲያው ታገደ። ለአይጦቹ የተሰጠው መጠን በሰው ቢመነዘር በቀን በመቶ የሚቆጠር ጠርሙስ እንደ መጠጣት ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች የመጀመሪያውን ውጤት አላጸኑትም፤ እገዳው ግን አልተነሣም። በአውሮጳ ያው ማጣፈጫ የተፈቀደ ነው። አንድ ዱቄት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወዲህና ወዲያ ማዶ የተለያየ ባሕርይ ሊኖረው አይችልም፤ የተለያየው ጥርጣሬን የመዳኘት ልማድ ነው።

የ1977ቱ ነገር ደግሞ ከዚህ የሚብስ ትምህርት አለው። በካናዳ የተደረገ ምርመራ ሳካሪንም በአይጦች ፊኛ ላይ ነቀርሳ እንደሚያስከትል ሲያመለክት፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እገዳ ለማውጣት ተነሣ። ከሕዝቡ የመጣው ግን ምስጋና ሳይሆን ቁጣ ነበር። ሳይክላሜት ከታገደ በኋላ በገበያ የቀረው ማጣፈጫ ሳካሪን ብቻ ነበርና፣ የስኳር ሕሙማን የተከለከለችውን አንዲት ደስታ ልትነጥቁን ነው ሲሉ ጮኹ፤ አምራቾችም ድምፃቸውን ከእነርሱ ድምፅ ጋር አዋሐዱ። ምክር ቤቱ እገዳውን አዘገየና በምትኩ በየዕቃው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ።

ማስጠንቀቂያው ጠጪውን ያከበረ ይመስላል፤ «እነሆ የምናውቀውን ነግረንሃል፣ ምርጫው የአንተ ነው» ይለዋልና። በሥራ ላይ ሲታይ ግን ሊቃውንት ያልፈቱትን፣ መንግሥት ሊወስንበት ያልደፈረውን፣ ነጋዴው ሊተወው ያልፈለገውን ጥርጣሬ ጠቅልሎ በአንድ ተራ ሸማች ጫንቃ ላይ መጫን ነው። ሸማቹ ቤተ ሙከራ የለውም። ጽሑፉን አንብቦ ሊያደርገው የሚችለው መፍራት ወይም መናቅ ነው፤ አብዛኛው ሰውም ናቀው። የኋላ ኋላ የአይጦቹ እባጭ የመጣው በአይጥ ሽንት ውስጥ በሚፈጠር ልዩ ሁኔታ መሆኑና ይህም በሰው አካል ላይ እንደማይደርስ ስለ ታወቀ፣ ሳካሪን በ2000 ከነቀርሳ አምጪዎች መዝገብ ተሰረዘ፤ ማስጠንቀቂያውም ተነሣ። ከሃያ ዓመት በላይ ሰዎች ሲያነቡት የኖሩት የሥጋት ቃል እንዲህ በጸጥታ ወረደ። ጊዜያዊ ዕውቀት በማያቅማማ ቃል ሲጻፍ፣ ተሳስቶ በተገኘ ቀን የሚዋረደው ራሱ ሳይንሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ማን ይሰማል?

ከዚህ ሁሉ ጋር የገንዘብ ጉዳይ ተቆራኝቷል። አስፓርቴም በ1974 ከተፈቀደ በኋላ አምራቹ ኩባንያ ባቀረባቸው ምርመራዎች ጥራት ላይ ጥያቄ በመነሣቱ ፈቃዱ ታግዶ ቆየ፤ በ1981 እንደገና ተፈቀደ፤ ከ1983 ጀምሮም ወደ ለስላሳ መጠጦች ገባ። ስኳር ሻጩ ወገንም ቢሆን ንጹሕ እጅ የለውም። የአሜሪካ የስኳር አምራቾች የምርምር ድርጅት ለሃርቫርድ ሊቃውንት ከፍሎ፣ በ1967 በታተመ ጽሑፍ የልብ በሽታ ጥፋት ከስኳር ላይ ተነሥቶ በስብ ላይ እንዲያርፍ ማድረጉ በ2016 ይፋ ሆኗል። ሻጭ የከፈለበት ምርመራ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የከፈለው ሰው መልሱን ባይገዛም ጥያቄውን ይመርጣል፤ ያልተጠየቀው ደግሞ ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ ከትርፉ የሚካፈለው ወገን የምርመራውን ወጪ መሸከሙ ፍትሕ ሲሆን፣ ምርመራው ግን ከትርፉ በማይካፈል ሰው እጅ መሆን ይገባዋል። ሁለቱ በአንድ እጅ ሲገኙ ጥርጣሬው ተፈታ አይባልም፤ ተሸፈነ እንጂ።

በ2023 የዓለም የጤና ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተናገረ። በግንቦት ወር ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎች ክብደትን ለመቆጣጠር ብለው እንዳይወሰዱ መከረ፤ ለረጅም ጊዜ ሲታይ ስብን ለመቀነስ ያላቸው ጥቅም አልተገኘምና። ይህ ምክር አስቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች እንደማይመለከት ተገልጿል። በሐምሌ ወር ደግሞ የድርጅቱ የነቀርሳ ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ነቀርሳ ሊያስከትል ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገባው፤ በዚያው ቀን የምግብ ተጨማሪዎች ሊቃውንት ጉባኤ የቀድሞውን የዕለት ወሰን፣ ማለት ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም፣ የምለውጥበት ምክንያት አላገኘሁም አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ሰው ይህን ወሰን ለማለፍ በቀን ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አራት ቆርቆሮ በላይ መጠጣት ይኖርበታል። ሁለቱ ቃላት አይጋጩም። አንደኛው ነገሩ ሊጎዳ የሚችልበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው በምን ያህል መጠን ብሎ ይጠይቃል። በየአገሩ የተወራው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነበር። አንድ ሰው ይህን ወሬ ሰምቶ ከስኳር አልባው መጠጥ ሸሽቶ 35 ግራም ያህል ስኳር ወዳለበት ቆርቆሮ ቢገባ፣ ያስፈራራው ሰው ከተጠያቂነት አያመልጥም። ማጋነንም ማታለል ነው። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል የማንም ስሙን ያላነሣው አንድ መጠጥ አለ፤ ውኃ። ለእርሱ የሚከራከርለት ኩባንያ የለማ።

አማርኛ በዚህ ረገድ አንድ የሚያስደንቅ ባሕርይ አለው። ቅንጣት ስኳር ያልገባበት፣ በበርበሬ ቀልቶ በቅመም የታሸ ወጥ «ጣፈጠ» ይባላል፤ ማጣፈጫም ማለት ከጥንት ጀምሮ ቅመም ማለት ነው። ቃሉ ሰፊ ነው። በፋብሪካ የተሠራው ማጣፈጫ ይህን ሰፊ ስም ተውሶ የሚያውቀው አንዲት ጠባብ ጣዕም ብቻ ነው፤ እርሷንም ከስኳር መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ እጥፍ አጉልቶ ይሰጣል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚህ ጣዕም የተገራ ልጅ ምላሱ ሌላውን ሁሉ ደብዛዛ አድርጎ ቢቆጥርበት ማን ይወቅሰዋል? ጥርጣሬው በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይከብድም የሚባለው ለዚህ ነው። ስኳር ለተከለከለ አዛውንት አንድ ብርጭቆ ስኳር አልባ መጠጥ ከልጅ ልጆቹ ጋር በአንድ ማዕድ እኩል የመቀመጥ ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ሥጋት ቢኖርበትም የሚሸከምበት ምክንያት አለው፤ ሸክሙንም ራሱ መርጦታል። ጤነኛ ሕፃን ግን ከዚያው ብርጭቆ የሚያገኘው ውኃ የማይሰጠው ጥቅም የለም፤ መምረጥም አይችልም። ለሁለቱ አንድ ዐይነት ፍርድ መስጠት፣ ይከልከልም ይፈቀድም ቢባል፣ ፍትሕ አይሆንም።

አስፓርቴም ባለባቸው መጠጦች ቆርቆሮ ላይ ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ያነሰች አንዲት መስመር ትገኛለች፤ ይህ መጠጥ ፌኒልአላኒን እንዳለበት ትናገራለች። ቃሏ የምትመለከተው ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ በዘር የሚወረስ ሕመም ያለባቸውን ጥቂት ሰዎች ነው፤ አካላቸው ይህን ንጥረ ነገር ሊፈጭ ስለማይችል በሕፃንነታቸው ከተከማቸባቸው አእምሯቸው ይጎዳል። ከማጣፈጫ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ያለ ማወላወል ሥራዋን የምትሠራ እርሷ ናት፤ ማንን እንደምትናገርና ምን እንደምትናገር ታውቃለችና። ሆኖም ሕመሙ የሚታወቀው ሮበርት ጋትሪ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባስገኘው ዘዴ፣ ከአራስ ልጅ ተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ ነው። ይህ ምርመራ በማይደረግባቸው አገሮች ያለ ወላጅ ያችን መስመር ቢያነባትም፣ የተጻፈችው ስለ ገዛ ልጁ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።