ገለባ የሞላው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኦክቶበር 31 ቀን ሲቃረብ በምንኖርበት በአሜሪካ አገር በየቤቱ ደጃፍ የሰው ምስል ቆሞ እናያለን። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት እንጨት ተመሳቅሎ ይታሰራል፤ አሮጌ ሱሪና ሸሚዝ ይለብሳል፤ የሱሪው እግርና የሸሚዙ እጅጌ በገመድ ይቋጠርና ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተጨማደደ ጋዜጣ ይጠቀጠቅበታል። ዱባ ራስ ይሆነዋል፤ ጓንት ደግሞ እጅ። ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት ከሩቅ ላየው ሰው የተቀመጠ ይመስላል። ዝናብ ሲመታው ግን ጋዜጣው ይርሳል፤ አንገቱም ይዘማል።

ታናናሾቻችን «እኛስ ለምን አንሠራም?» ብለው ይጠይቁናል። ሞትንና አጋንንትን መጫወቻ ማድረግ ለክርስቲያን እንደማይገባ በፍቅር እንንገራቸው። ነገር ግን ጎረቤቶቻችንን ነቅፈን ብቻ ብንመለስ ምን ተጠቀምን?

የበዓሉ ስም ራሱ ያስተምረናል። ሃሎዊን ማለት በምዕራባውያን ክርስቲያኖች ዘንድ ኖቬምበር 1 ቀን የሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ዛሬ ግን በዚያች ሌሊት ቅዱሳንን የሚያስብ ጥቂት ነው። ስሙ ቀረ፤ ውስጡን የሞላው ግን ሌላ ሆነ።

እኛስ? ነጠላችንን አጣፍተን፣ ከበሮ ይዘን ከመዘምራን ጋር ስንቆም ከሩቅ ክርስቲያን እንመስላለን። ውስጣችንን የሞላው ምንድን ነው? ሐሜት ነውን? ቂም ነውን? ዓመቱን ሙሉ እየዘመርን ንስሐ ሳንገባ፣ ሥጋውንና ደሙን ሳንቀበል የምንቀር ስንቶች ነን? ኤርምያስ ለምርኮኞች በላከው መልእክት ጣዖታትን በአትክልት ቦታ ቆሞ ምንም በማይጠብቅ ማስፈራሪያ መስሏቸዋል። ሐዋርያው ያዕቆብም ሥራ የሌለውን እምነት ነፍስ ከተለየው ሥጋ ጋር አመሳስሎታል። አዳምም ከአፈር ሲበጅ መልክ ነበረው፤ ሕያው የሆነው ግን እግዚአብሔር የሕይወትን እስትንፋስ እፍ ባለበት ጊዜ ነው። መልክን እኛም እንሠራለን፤ ሕይወትን የሚሰጥ ግን እርሱ ብቻ ነው። ይህ ሕይወት የሌለው ክርስቲያን የፈተና ዝናብ በመታው ቀን አንገቱን ይደፋል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ኦክቶበር 31 ቀን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ ይኸውም የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው። በዚያ ቀን ታናናሾቻችንን ይዘን ቤተ ክርስቲያን እንሂድ። ገለባ ሊጠቀጠቅበት የነበረውንም ልብስ አጥበን፣ ብርዱ ሳይበረታ ለታረዘው እናልብሰው፤ ጌታችን ለታረዘ የተደረገውን ለእኔ እንደ ተደረገ እቈጥረዋለሁ ብሎናልና። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ንስሐ አባታችን ቀርበን ገለባችንን እናራግፍ።

እግዚአብሔር ውስጣችንን በመንፈስ ቅዱስ ይሙላልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።