የሚያከራክር ሂሳብና የሕሊና ሚዛን

ዕዳን አለመክፈል ስርቆት የሚሆነው መቼ ነው? መብትን ማስከበር የሚሆነውስ መቼ ነው? ይህ ጥያቄ ለታላላቅ ነጋዴዎች ብቻ የቀረበ አይደለም። በየቁምስናችን ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌት ቤት ወይም ፎቶ ቤት ከፍተው ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ምእመናንንም የሚገጥማቸው ነውና በአንድ ምሳሌ እንመልከተው።

አንዲት ልብስ ሰፊ ሥራዋን በዓመታዊ የንግድ ማውጫ ላይ ለማስተዋወቅ ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር በ6,000 ብር ተስማማች እንበል። ማውጫው ታትሞ ሲወጣ ከስልክ ቁጥሯ አንዱ አኃዝ ተሳስቷል፤ የመጣላት የክፍያ መጠየቂያ ደግሞ 9,000 ብር ይላል። ምክንያቱን ብትጠይቅ፣ ማስታወቂያው በቀለም ስለ ታተመ ነው ተባለች። እርሷም ተቆጥታ «አንዲት ሳንቲም አልከፍልም» አለች። ፍርዷ ትክክል ነውን?

መልስ ከመስጠታችን በፊት የተስማማችበትን፣ የተቀበለችውንና ተስፋ ያደረገችውን ለይተን ማየት ይገባናል። ማስታወቂያው ደንበኛ አላመጣም ማለት ብቻውን ክፍያን ለመከልከል አያበቃም፤ ድርጅቱ የሸጠው ቦታውንና ሥራውን እንጂ ገበያውን አይደለምና። ስለ ቀለሙ ግን አልተስማማችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመሠረቱ ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም (ቁጥር 1682)፤ በሚገባ የተመሠረተ ውል ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና ነው ይላል (ቁጥር 1731)። እንግዲህ ያላዘዘችውን እንድትከፍል አትገደድም፤ ያዘዘችውን ግን በቁጣ ልትሰርዘው አትችልም።

የስልክ ቁጥሩ ስሕተት ከባድ ነው። ጥፋቱ የድርጅቱ ከሆነ፣ የተቀበለችው ሥራ ጎዶሎ ስለሆነ ቅናሽ መጠየቋ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ከኅትመት በፊት ለእርማት የተላከላትን ናሙና ሳታነብ ፈርማ ከሆነ፣ የጥፋቱን ድርሻ መቀበል አለባት። በዚህ ረገድ ሕሊና ከዳኛ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ዳኛ በማስረጃ ይፈርዳል፣ ሕሊና ግን ያለ ምስክር የተነገረውንም ቃል ያውቃል። ቀለሙን በቃል «እሺ» ብላ ከነበረ፣ ወረቀት አለመኖሩ በእግዚአብሔር ፊት ነጻ አያወጣትም።

ድርጅቱም ከዚሁ ሚዛን አያመልጥም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሲያስተምር፣ የተሰወረ ጉድለትን ሳይገልጹ መሸጥን ከማታለል ይቆጥረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ሲናገሩ፣ ስምምነት መኖሩ ብቻውን ፍትሕ መፈጸሙን እንደማያረጋግጥ አስተምረዋል። ፊርማ ተገኘ ማለት እውነት ተነገረ ማለት አይደለም።

«ታዲያ ሂሳቡ እስኪታረም ድረስ ሁሉን ይዛ ብትቆይስ?» የሚል ይኖራል። ክርክር የሌለበት ገንዘብ ግን የእርሷ አይደለም። ከድርጅቱ ስም በስተጀርባ ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ሠራተኛና ማተሚያ ቤቱ አሉ፤ የእነርሱን ድካም መያዣ ማድረግ አይገባም። ስለዚህ ያመነችበትን ከፍላ ደረሰኝ ትቀበል፤ የቀረውን ለምን እንዳልተቀበለችው በደብዳቤ ታስታውቅ፤ ግልባጩንም ታስቀምጥ። እንዲህ ካደረገች ከፊሉን መክፈሏ ሁሉን እንደ ማመን ሊቆጠርባት አይችልም።

ሌላው ደግሞ «ክርስቲያን ለሰላም ሲል ለምን ሁሉን አይከፍልም?» ይላል። የራስን መብት በፈቃድ መተው መልካም ነው። ከፍርሃት የተነሣ መክፈል ግን ምሕረት አይባልም፤ በደሉ ነገ በሌላዋ ልብስ ሰፊ ላይ እንዲደገም መንገድ ይከፍታልና። ከዚህም በላይ ገንዘቡ የልጆቿና የሠራተኞቿ እንጀራ ነው። እንግዲያውስ በመጀመሪያ ፊት ለፊት ትነጋገር፤ ካልተስማሙ ሁለቱም የሚያምኑአቸው ሽማግሌዎች ይግቡ፤ ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ይሁን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ኪስ አውላቂውን ብቻ አታንሡ። ከማይገባው በላይ የሚያስከፍልም፣ የሚገባውን የሚያስቀርም በዚሁ ትእዛዝ ሥር ናቸው። ክርክር ሲነሣ እያንዳንዳችን አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ባላጋራችን በእኛ ቦታ ቢሆን ኖሮ የትኛውን ሂሳብ እንደ እውነተኛ እንቀበልለት ነበር የሚለውን ነው።