የእሑድ ወንድም

እሑድ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ያለ ክፍያ በሙዚቃ ሲከበር እኛም ከመርካቶ በእግራችን ወርደን ነበር። የማርሌ ልጆች ሲያዜሙ ከግጥሙ ብዙው ባይገባንም አብረን ጮኽን። አንድ የማናውቀው ወጣት ትንሹን ጓደኛችንን መድረኩ እንዲታየው በትከሻው ተሸከመው፤ «ወንድሜ» ተባባልን።

በማግስቱ ምናለሽ ተራ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ገፋን፤ ሰደብነው። ዞር ቢል ያው የትናንቱ ወጣት ነው። ያላወቅነው መስለን አለፍን።

ታዲያ የእሑዱ ፍቅር ሐሰት ነበርን? አይመስለንም፤ ደስታችን ከልብ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ወንድም መባባል ምን አስከፈለን? ሰኞ ዕለት ሰላምታው በባለሱቆች ፊት ያሳፍረን ነበር። (ትከሻው ግን ያው ትከሻ ነው።) ዛሬም «መንገድ!» ሲባል ከጆንያው በታች ያለውን ፊት እንፈልጋለን።