ትልም ላይ የሚተኛ በሬ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ የውበት ሳሎን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ያልተፈለገ ጸጉር በሌዘር የምታስወግድ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ያቺን ማሽን ልሸጣት ነው። ገዢዋ የቡሬ ልጅ ናት፤ የአገርህ ሰው። ልታያት ስትመጣ አብረኸኝ ብትሆን ታምነኛለች» አለችኝ።

«ማሽኗ ምን ሆነች?» አልኳት።

ዝም አለች። ዝምታዋ ሲረዝም ነገሩ ገባኝ።

ማሽኗ ስትገዛም ያገለገለች ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ተበድራ ነው የገዛቻት። ሻጩ ያን ቀን ሰክቶ አበራት፤ የእጀታውን ጫፍ ክንዷ ላይ አሳረፈላት፤ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ሠራች። ከፈለች። ጉዱ የወጣው ሥራ ስትጀምር ነው። ማሽኗ ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ትሠራና፣ ስትግል ያ ቅዝቃዜ ድራሹ ይጠፋል። ቅዝቃዜው ደግሞ ለምቾት ብቻ የተደረገ አይደለም። ሌዘሩ የሚፈልገው በጸጉር ውስጥ ያለውን ጥቁር ቀለም ነው፤ ያው ቀለም በቆዳችንም ውስጥ አለ። እንደኛ ያለ ጠይም ቆዳ ብርሃኑን አብዝቶ ስለሚውጥ ቶሎ ይቃጠላል፤ የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ይቀርበታል። ቆዳውን ከላይ የሚጠብቀው ያ ብርድ ነው።

ኋላ አንድ የጥገና ባለሙያ የነገራትን ለእኔም ነገረችኝ። ያገለገለ ሌዘር የሚገዛ ሰው ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ የሚቆጥረውን ቁጥር ያያል፤ ግን አያምነውም፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ጉልበትና ከእጀታው የሚወጣው እኩል መሆኑን በመለኪያ ያስለካል። የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ይጠይቃል፤ ለጠቆረ ቆዳ 1064 ናኖሜትር የሚባለው ከ755ቱ ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው። የዓይን መከላከያው መነጽር ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚያው ጋር መግጠሙን ያረጋግጣል። የእጀታው ጫፍ መሰንጠቁን፣ መጥቆሩን ያያል። ከሁሉ በላይ ግን ማሽኗን ለሁለት ደቂቃ ሳይሆን ለግማሽ ሰዓት ያሠራታል።

ይህን ስሰማ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ፍኖተ ሰላም ገበያ በሬ ሲገዛ ማየት ልጅ እያለሁ ደስ ይለኝ ነበር። አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ቀንበር የሚያርፍበትን ጫንቃ በመዳፉ ይጫናል፤ ወዲያ ወዲህ እያስነዳ ሰኮናውን ይመለከታል። አንድ ዓመት ከቡሬ ገዝቶ የመጣው በሬ በዚህ ሁሉ ያለፈ ነበር። ትልም ላይ ግን ተኛ። ጅራፍ አያነሳው፣ ልመና አያነሳው። በሬ ገበያ ላይ አይተኛም፤ አመሉ የሚታወቀው ቀንበር ሲሸከም ነው።

አባቴ በሬውን ፍኖተ ሰላም አውጥቶ ሸጠው። ስለ አመሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እናቴ ስትጠይቀው «እኔንስ ማን ነገረኝ?» አላት። ገዢው አንድ በሬ ያለው ጎልማሳ ነበር። ሳይሆን ቀርቶ ነው እንጂ፣ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ሊያርስ ነበር ሐሳቡ። የአንዱ በሬ ሲተኛ የሁለት ቤት እርሻ ተኛ። ያ ጎረቤት ገበያ አልዋለም፤ ጥርስ አላየም፤ ዋጋ አልተከራከረም። ክረምቱን የከፈለው ግን እሱም ነው። አባቴ ወሬውን ከሰማ በኋላ በዚያ ሰፈር ማለፍ ትቶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር።

የአክስቴም ልጅ ያለችኝ ይህንኑ ነው። «እኔንስ ማን ነገረኝ? ዓይን አላት፣ ትመርምር!»

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው የግዴታ መጽሐፍ ላይ፣ ጉድለት ያለበትን ቤት ስለሚሸጥ ሰው ሁለት ፈላስፎችን ያሟግታል። የባቢሎኑ ዲዮጋንስ «ግዛ ብሎ ያስገደደ የለም፤ አለመናገር ማታለል አይደለም» ባይ ነው። አንቲፓትሮስ ደግሞ፣ እያወቁ ዝም ማለት መንገድ ለጠፋው ሰው መንገድ አለማሳየት ነው፣ እንዲያውም ይብሳል ይላል። ሲሴሮ የፈረደው ለሁለተኛው ነው። እኔን ያሳቀቀኝ የመንገዱ ነገር ነው። አባቴ መንገደኛ ሲጠይቀው በሬዎቹን አቁሞ እስከ መገንጠያው የሚሸኝ ሰው ነበር። ይህ ሰው ገበያ ሲወጣ ምን ነካው?

ሕጋችንም ዝም አላለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ግጥምጥሞሹ ይገርማል፤ አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜማን የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው በ11ኛው ቀን፣ ግንቦት 8 ነው። ሕጉ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን ነው ይላል፤ ገዢም መርምሮ ሳይዘገይ ያሳውቅ ይላል። ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ግን ሻጩ አይጠየቅም። እንግዲህ ለሻጩም ቢሆን የሚበጀው መናገሩ ነው።

ነገር ግን የሽያጭ ሕግ የሚቆመው በሻጭና በገዢ መካከል ነው። ሌዘሩ ሥር የምትተኛዋ ልጅ የት አለች? ምናልባት የሠርጓ ሰሞን ይሆናል። ማሽኑን አልመረመረችም፤ ልመርምር ብትልም አታውቅበትም። ያመነችው የቡሬዋን ልጅ ነው፤ የቡሬዋ ልጅ ያመነችው የአክስቴን ልጅ፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ እኔን አስቁማ ልትታመን ነው። የተታለለ ሰው ካሳ መጠየቅ ያለበት ካታለለው ነው። ከማያውቀው ሦስተኛ ሰው ፊት ላይ መቀበል ምን ይባላል?

ይህንኑ ነገርኳት። መናገሩ ለእኔ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዕዳው የእሷ ነው። «አንተ ምን አለብህ፣ ጋሼ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች። ለገዢዋ ሁሉንም ነግራታለች። ልጅቱም አመስግና ቀረች። ማሽኗ ዛሬም ነጠላ ለብሳ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ዕዳውም በየወሩ ይከፈላል።

«ቆጨሽ?» አልኳት።

«ይቆጨኛል እንጂ!» አለች። «ግን እሁድ ሌላ ማሽን ልታይ ስትመጣ አብረሽኝ ሁኚ ብላኛለች። ግማሽ ሰዓት አሠራልሻለሁ አልኳት።»