«እማዬ፣ ስኳሬን እንለካ»

በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው የፓርማ አውራጃ በ1991 እ.ኤ.አ. በየትምህርት ቤቱ አንድ ፖስተር ተለጠፈ። ብዙ ውሃ የሚጠጣ፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ በተለይ ደግሞ አልጋ ማርጠብ ትቶ የነበረና እንደገና የጀመረ ልጅ ካለ ስኳሩ ይለካ የሚል ነበር። ለሕፃናት ሐኪሞችም የመለኪያ መሣሪያ ታደላቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በአውራጃው የስኳር በሽታ ከተገኘባቸው ልጆች 78 ከመቶ ያህሉ ሆስፒታል የደረሱት ደማቸው አሲድ በዝቶበት፣ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ቁጥሩ ወደ 12.5 ከመቶ ወረደ። ለውጡን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን ወላጆችና መምህራን ምን ማየት እንዳለባቸው ማወቃቸው ነው።

እኛ አገር ምልክቱን መጀመሪያ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ራሱ ነው። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ የያዘው ሃይላንድ ውሃ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ እንዳለቀ፣ የዩኒፎርም ሱሪው በቀበቶ ካልታሰረ እንደማይቆም የሚያውቀው እሱ ነው። ለቤተሰብ ሲናገር ግን «ቁመት እየጣልክ ስለሆነ ነው» ይባላል፤ ወይም «ስልክ ላይ እያመሸህ እንዴት አይደክምህ!»። ይህን የሚሉት ልጃቸውን ስለማይወዱ አይደለም። ስኳር የትልልቅ ሰዎችና የሀብታም በሽታ ነው ተብሎ ሲነገራቸው ስለኖረ፣ አንዳንዴም ምርመራው የሚያመጣውን ወጪና መርዶ ስለሚፈሩ ነው።

የሀብታም በሽታ የሚለው እምነት በገዛ አገራችን ማስረጃ ውድቅ ሆኗል። በጎንደር ለረጅም ዓመታት የስኳር ሕሙማንን ያከሙት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከገጠር የሚመጡትና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በብዛት ድሆችና ከሲታ ሰዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ በ2025 እ.ኤ.አ. አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ልጆችንና ታዳጊዎችን በብዛት የሚይዘው አንደኛው ዓይነት ደግሞ ከረሜላ በመብላት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ በስሕተት ቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳት ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። «ለስላሳ ስለምወድ በራሴ ላይ ያመጣሁት ነው» ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ ልጅ ካለ፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል።

ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳር ወደ ሕዋሳት መግባት አቅቶት ደም ውስጥ ይከማቻል። መጠኑ በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት በሽንት ማስወጣት ይጀምራል፤ ስኳሩም ውሃ ይዞ ይወጣል። ጥማቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ «ማታ ውሃ አትጠጣ፣ ሽንትህ ይቀንሳል» የሚለው የቤት ምክር ልጁን ይበልጥ ያደርቀዋል፤ ጥሙን እንዲቆርጥ ተብሎ የሚገዛለት ለስላሳም ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። የተራበው ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ ማንደድ ሲጀምር ልጁ እየበላ ይከሳል፣ በደሙም አሲድ ይጠራቀማል። የዓይን ብዥታ፣ በሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ አፍረው የማይናገሩት የብልት ማሳከክ አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ያነበበ ታዳጊ ሁሉ ስኳር አለበት ማለት አይደለም። በሙቀት ወራት የሚጠማው፣ ለማትሪክ ሲያጠና የሚደክመው ብዙ ነው። ጥርጣሬውን የሚፈታው ግን ጭንቀትም ክርክርም ሳይሆን ጣት ተወግቶ በሚወጣ አንድ ጠብታ ደም የሚሠራ፣ ደቂቃ የማይሞላ ምርመራ ነው።

ወላጅን ማስረዳት ላይ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት «አሞኛል» ብለው ስለሚያቆሙ ነው። ይህን ቃል ወላጅ በፈተና ሰሞን ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። ሁለት ቀን ሌሊት የተነሣችበትንና የጠጣችውን ውሃ ደብተሯ ላይ የጻፈች ልጅ ግን የምትናገረው አላት። እናቷ ሥራ በበዛባት ሰዓት ሳይሆን ከእራት በኋላ፣ ወንድሞቿ በሌሉበት፣ «እማዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እየተነሣሁ ነው። ቀሚሴ ሰፍቶኛል። ነገ ጤና ጣቢያ ሄደን ስኳሬን እንለካ» ብትላት፣ ልመናው ትንሽና የተቆረጠ ስለሆነ እምቢ ለማለት ይከብዳል። እናት ባትቀበል አክስት አለች፤ አያት፣ የክፍል ኃላፊ መምህር ወይም የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አሉ። ቤት ውስጥ ስኳር ያለባቸውና መለኪያ የያዙ ዘመድ ካሉ መንገዱ ያጥራል፤ መርፌው አዲስ፣ እጅም በሳሙና የታጠበ ይሁን እንጂ። ማንጎ የነካ ጣት የሌለ ስኳር ያሳያልና።

ቁጥሩን ማወቅ ደግ ነው። ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት የተለካ ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። ምልክቱ ያለበት ልጅ በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 ከደረሰ ግን ቀጠሮ አይጠበቅለትም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ፈርተው ዝም ለሚሉ ልጆችም ለወላጆቻቸውም የሊዮናርድ ቶምሰን ታሪክ ቢነገር ጥሩ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ቶሮንቶ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ 30 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ተስፋ አልነበረውም። በሰው ላይ በቅጡ ያልተሞከረውን መድኃኒት እንዲወጋ አባቱ ፈቀደ። የመጀመሪያው መርፌ አልሠራም፤ ከ12 ቀን በኋላ የተጣራው ኢንሱሊን ሲሰጠው ግን ስኳሩ ወረደ፣ ልጁም አንሰራራ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። በዚያው ዓመት ሕክምናውን የጀመረችው አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ሂውዝ ደግሞ እስከ 73 ዓመቷ ኖራለች። ዛሬ በሽታው በጊዜ ከታወቀና ኢንሱሊኑ ካልተቋረጠ ልጁ ይማራል፣ ኳስ ይጫወታል፣ አድጎም ይወልዳል።

ጠበል መጠመቅ ለሚፈልግ ቤተሰብ የሚነገረውም ይኸው ነው። ልጁ ይጠመቅ፣ ኢንሱሊኑ ግን አንድ ቀንም አይቅር። ጾምን በተመለከተም ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

አንድ ሁኔታ ግን ማሳመኛ ጊዜ አይሰጥም። ምልክቶቹ የታዩበት ልጅ ማስመለስ ከጀመረ፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ትንፋሹ እየፈጠነ በጥልቀት መተንፈስ ከጀመረ ወይም አፉ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ ካመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ምች ነው እየተባለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ይጎዳዋል። አባትና እናት ቤት ከሌሉ ጎረቤት ይጠራ፣ አምቡላንስ ይደወል። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱም ልጁ ራሱ ወይም ያመጣው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ስኳሩ ይለካልን» ይበል።