ነጥቡ የማን ነው?

ሰው በሌላው ላይ ያየውን ጉድፍ ከመናገሩ በፊት፣ ጉድፉ በሚታየው ላይ ይሁን በሚያየው ላይ የማረጋገጥ ግዴታ አለበትን? ጥያቄው የቆየ ነው። መልሱን ግን ዛሬ በየሠርጉ ከምናየው ከዲጂታል ካሜራ ዘንድ እንፈልገው።

በፊልም ዘመን አንድ ብናኝ ፊልሙ ላይ ቢያርፍ በአብዛኛው አንድ ፎቶ አበላሽቶ ያልፍ ነበር፤ ፊልሙ ሲጠቀለል አብሮ ይሄዳልና። በዲጂታል ካሜራ ግን ምስሉን ሁሉ የሚቀበለው ያው አንድ ሴንሰር ነው። ሌንስ ሲቀየር የገባ ብናኝ ከሴንሰሩ ፊት ባለው መስታወት ላይ ካረፈ፣ ከዚያ በኋላ በሚነሳው ፎቶ ሁሉ በአንድ ቦታ ጥላውን ይጥላል። በሙሽራዋ ግንባር ላይ የሌለ ነጥብ በእርሷ ስም ይመዘገባል።

ታዲያ ነጥቡ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ባለሙያዎች የሌንሱን የብርሃን መግቢያ እስከ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 አጥብበው ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ያነሳሉ። የሚነሳው ነገር ተለዋውጦ ነጥቡ ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ጉድፉ የካሜራው ነው። መግቢያው በሰፊው ሲከፈት ያው ብናኝ ደብዝዞ ይሰወራል፤ አለመታየቱ ግን ጠፍቷል ማለት አይደለም።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ጎረቤታችንም፣ ባልደረባችንም፣ አማቻችንም ትዕቢተኛ ሆነው ከታዩን፣ ነጥቡ ከእኛ ጋር እየዞረ እንዳይሆን መጠርጠር አይገባንምን? «ሁሉም በእርግጥ ትዕቢተኞች ቢሆኑስ?» ትል ይሆናል። ሊሆን ይችላል፤ መፈተን ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ነጩ ግድግዳችን ምንም ያላስቀየመን ሰው ነው። በእርሱም ላይ ያው ጉድፍ ከታየን ፍርዳችንን እናቆይ።

ነጥቡን ከእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በኮምፒውተር ማጥፋት ይቻላል። ይህ ላለፈው ይበጃል እንጂ ለሚመጣው አያድንም። ማጽዳቱም ጥንቃቄ ይሻል። በአፍ እፍ ማለት የምራቅ ፍንጣሪ ያሳርፋል፤ በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግም መስታወቱን ይጭራል። የሚቀድመው ካሜራውን ወደ ታች ደፍቶ በእጅ በሚጨመቅ የላስቲክ መንፊያ አየር መስጠት ነው፤ ያልለቀቀው ብቻ ለሴንሰር በተዘጋጀ መጥረጊያና ፈሳሽ ይጠረጋል። ኦሊምፐስ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኢ-1 ካሜራ ላይ ብናኝን በንዝረት የሚያራግፍ መሣሪያ ገጥሟል፤ ዛሬም ብዙ ካሜራዎች ተመሳሳይ አላቸው። የተጣበቀውን ግን ንዝረት ሁልጊዜ አያስለቅቀውምና ባለቤቱ ከመፈተሽ አይድንም።

ስለዚህ ግዴታው አለ እላለሁ። ምክንያቱም ሙሽራዋ የካሜራውን ውስጥ ከፍታ ማየት አትችልም፤ ነጥቡ የእርሷ አለመሆኑን የምታስረዳበት መንገድም የላትም። ያንን ማድረግ የሚችለው ካሜራውን የያዘው ብቻ ነው።